አሳታሚው ያልታወቀው ካርድ

በሐይቅ ከተማ የሰርግ መጥሪያ ሲሰጠው ማን ማንን እንደሚያገባ ሳያነብ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን የሚመረምር ሰው አንድ ብቻ ነው። ሀሚዱ ይመር ይባላል። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ መጥሪያውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ የት እንደታተመ ካላወቀ በቀር «አላህ ያዝልቅላቸው» የምትለዋ ምርቃት ካፉ አትወጣም። መጥሪያ አዳዩም ልማዱን ስለሚያውቅ ቆሞ ይጠብቀዋል። የከተማው ሰው «ሀሚዱ ገልብጥ» ብሎ ስም ካወጣለት ሃያ ዓመት አልፏል፤ እሱም ሲጠሩት እንዳልሰማ ያልፋል።

ባለፈው ዒድ ኩዌት ያለው ልጁ ሙንተሲር አበባው የሚንቀሳቀስ፣ መንዙማ የሚያሰማ የእንኳን አደረሰህ መልእክት በስልክ ላከለት። ሀሚዱ አበባውን አየ፣ መንዙማውንም ሰማ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፣ ስልኩን ገለበጠው። ይህን ያየችው ሚስቱ መስኡዳ ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ገባች፤ ወሬውን ግን ማፈን አልቻለችም። እስከ ዙህር ድረስ ሠፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

ሰውየው የሚሰበስበው የድሮ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድና ፖስት ካርድ ነው። በጫማ ካርቶን የታጨቁ ስድስት መቶ ያህል አሉት። ሰው ሁሉ የካርድን ፊት ያያል፤ ጽጌረዳው፣ ሻማው፣ ሚናራው እዚያ ነው። ሀሚዱ ግን ቁም ነገሩ ያለው ከጀርባ ነው ባይ ነው። ከታች በኩል ጉንዳን የጻፈችው በሚመስል ፊደል የአሳታሚው ስም ይኖራል። ስም ከሌለ ቁጥር ይኖራል። ቁጥርም ከሌለ የቴምብር መለጠፊያዋ ሳጥን አሣሣል አለ፤ የወረቀቱ ውፍረት አለ፤ ሁሉም ሲጠፋ ደግሞ ያሸተዋል። እንዲህ እያሸተተ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ያችኑ አንዲት ሻማ ለገናም፣ ለመውሊድም፣ ለአብዮት በዓልም እንዳበራት ደርሶበታል። ይህን ያወቀ ቀን እራት አልበላም፤ ደስ ብሎት ነው።

ጀርባው ያልነገረውን በደብዳቤ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላለ የድሮ ማተሚያ ቤት ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ ነበር። መልሱን የላከለት የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ማተሚያ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ እንደተሠራበት፣ እሱም የፎቁ ዘበኛ እንደሆነ፣ ስለ ካርድ ምንም እንደማያውቅ፣ ለመሆኑ ጤንነትዎ እንዴት ነው የሚል ደብዳቤ ነበር። ሀሚዱ ያንን እንደ ትልቅ ሰነድ አስቀመጠው። ይኸው ዘበኛውና እሱ ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ይጻጻፋሉ።

ጦርነቱ ወደ ሐይቅ የተቃረበ ጊዜ ሰው እህሉንና ወርቁን ሲቀብር፣ ሀሚዱ ካርቶኖቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቀበረ። ጤፉን የቀበረችው መስኡዳ ናት፣ ብቻዋን፣ በገዛ አካፋዋ። እስከ ዛሬ እንጀራ ባቀረበች ቁጥር ይህን ጤፍ ማን እንደቀበረው ታስታውሰዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

ለእያንዳንዱ ካርድ በደብተር ላይ አንድ መስመር አለው። አሳታሚ፣ ዓመት፣ ላኪ፣ ተቀባይ ብሎ ከፋፍሎ ይሞላል። ከደሴ የመጡ አስተማሪዎች ይህን ደብተር አይተው አመስግነውታል፤ ለዕውቀት የሚደክም ሰው ነው ብለው ሄደዋል። ሀሚዱ አላስተባበለም። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ይህ ሁሉ ካርቶን፣ ይህ ሁሉ ማሽተት የተጀመረው በአንዲት ካርድ ምክንያት ነው፤ በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ደግሞ ተቀባይ ከሚለው በቀር ሁሉም «ያልታወቀ» ይላል። ተቀባይዋ መስኡዳ ይማም ናት፤ ያችው ጤፍ ቀባሪዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1972 ዓ.ም. ሀሚዱ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሆኖ በሐጂ ኡበይድ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሱቁ ስኳርና ጨው ከመሸጡ ሌላ የፖስታ ወኪል ነበር። ከደሴ በአውቶቡስ የሚመጣውን ከረጢት የሚፈታው፣ ደብዳቤውን የሚለየው፣ ለመጣው ሰው የሚያድለው ሀሚዱ ነው። የታሸገውን አልከፈተም፤ በዚህ እስከ ዛሬ ይምላል። ፖስት ካርድ ግን ፖስታ የለው፣ ክዳን የለው፤ ሁሉንም ያነብ ነበር። ማን ማንን እንደናፈቀ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ከባለቤቱ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።

መስኡዳ ያኔ ተማሪ ነበረች። የቤተሰቡን ደብዳቤ የምትጽፈውም ከሱቁ የምትቀበለውም እሷ ናት። ሀሚዱ ይወዳታል፤ መውደዱን ግን የሚነግረው ለወለሉ ነበር። ስኳር ሲመዝንላት መሬት መሬት ያያል፤ ደብዳቤ ሲሰጣት መሬት መሬት ያያል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ከረመ።

በሰኔ ወር፣ ረመዳን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከከረጢቱ ውስጥ አንዲት ካርድ ወጣች። ፊቷ የሐይቃችን ፎቶ ነው፤ ውሃዋ በእጅ ሰማያዊ ተቀብታለች፣ አንዲት ታንኳ አለችባት። ከሥሯ «እንኳን ለ......... በዓል በሰላም አደረሳችሁ» ይላል። የበዓሉ ስም ቦታው ባዶ ነው፤ ላኪው እንዲሞላው የተተወ ነው። በጀርባዋ፣ በደሴ ማኅተም ሥር፣ በወንድ ልጅ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «መስኡዳ፣ አንቺን ካየሁ ወዲህ ሌላ ማየት ትቻለሁ። እስከ ረመዳን መልስሽ ካልደረሰኝ ሽማግሌ ልኬ አባትሽን እጠይቃለሁ።» ስም የለውም።

ሀሚዱ ካርዷን ሦስት ጊዜ አነበባት። ከዚያ በሕይወቱ ሠርቶት የማያውቀውን ሠራ፤ ከጨው ማዳበሪያው ኋላ ደበቃት። በማግስቱ መስኡዳ መጣችና «ለኔ የመጣ የለም?» አለችው። «የለም» አለ፣ ወለሉን እያየ። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን፣ ከዚያም በየቀኑ። እሱ ግን ካርዷን በደበቀባት ዕለት ማታውኑ ወደ አምባሰል አጎቱ ዘንድ ገስግሦ ሽማግሌ ይላክልኝ ብሎ ተማጽኖ ነበር። መሬት ከማየት ሌላ የማያውቀው ልጅ አንደበቱ ተከፍቶ ሲያዩት አጎቱ ታመመ እንዴ ብለው ግንባሩን ዳበሱት። ሽማግሌው በስምንተኛው ቀን አባቷ ቤት ተቀመጠ፤ በዘጠነኛው ቀን እሺታ ተገኘ። ካርዷን የሰጣት ከዚያ በኋላ ነው፣ «አሁን ገና ደረሰች» ብሎ። መስኡዳ አነበበችና ፈገግ አለች፤ ከመጽሐፏ መሐልም ከተተቻት።

ያቺ ፈገግታ አርባ አራት ዓመት በላችው። አራት ልጅ ወልደዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል፣ አንድ ቀን ተኳርፈው አላደሩም። ቢሆንም በልቡ ውስጥ አንድ ያልታወቀ ሰው አለ። ደሴ ተቀምጦ መልስ ሲጠብቅ የቀረ ሰው። ሀሚዱ የሰው ሙሽራ የሰረቀ ያህል ይሰማዋል፤ ካርዷ በሰዓቷ ብትደርስ ኖሮ መስኡዳ ማንን ትመርጥ ነበር እያለ ያስባል። እሷን እንዳይጠይቅ የደበቀውን መናዘዝ ሊሆንበት ነው። ዝም እንዳይል ደግሞ ዝምታው ይበላዋል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው፣ ሚስቱ ብቻዋን ፈገግ ባለች ቁጥር ያ የደሴው ሰው ትዝ ያላት ይመስለው ነበር።

ላኪው ስሙን ካልጻፈ የሚቀረው አሳታሚው ነው። ካርዷ የትልቅ ማተሚያ ቤት ሥራ አልነበረችም፤ በፎቶ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ የወጣች ናት። እንዲህ ያለውን ጥቂት ሠርቶ የሸጠ ሰው ለማን እንደሸጠ ባይረሳስ? ሀሚዱ በዚህ ተስፋ ሃያ ዓመት ፈለገ። ሰባት እህቶቿን አገኘ፤ አንዷን ባቲ፣ ሌላዋን አርዲቦ አጠገብ ካለ ገጠር፣ የቀሩትን ወዲያና ወዲህ። ሁሉም ያችው ሐይቅ፣ ያችው ታንኳ ናቸው፤ ባዶ ቦታው ብቻ አንዱ ጋ «ለመስቀል»፣ አንዱ ጋ «ለአረፋ»፣ አንዱ ጋ «ለመውሊድ» ተብሎ ተሞልቷል። በአንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም በሚገኝበት አገር ይህን ያሰበ አሳታሚ ብልህ ሰው መሆኑ አያጠያይቅም። ያልተሞላችው የመስኡዳ ካርድ ብቻ ናት። ባለቤቶቹን ከየት ገዛችሁት ሲላቸው፣ ግማሾቹ ከገበያ፣ ግማሾቹ ግሸን ማርያም ሲወጡ ከመንገድ ላይ ከአንድ ሰው አሉት። ያን አንድ ሰው ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም።

የአሳታሚ ስም በሚኖርበት ቦታ ላይ ሀምራዊ ማኅተም ነበር። ክብ ነው፤ በመሐሉ አራት ነጥብ አለው። ሀሚዱ በዚህ ማኅተም ያላስጨነቀው ሰው የለም። የሎተሪ አዟሪው የመኪና ጎማ ነው አለው። አንድ የታሪክ አስተማሪ የጣሊያን ኩባንያ ዓርማ ሳይሆን አይቀርም አለው። ሌላው አራቱ ነጥቦች የአራቱ ማዕዘን ምሳሌ ናቸው ብሎ አንድ ሰዓት አስተማረው። ሀሚዱ ሁሉንም በደብተሩ መዘገበ። መስኡዳ ደግሞ ሻይ እያቀረበች ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚመስላት ተጠይቃ አታውቅም፣ ሳትጠየቅም አልተናገረችም።

ባለፈው ጥቅምት የሀሚዱ ኮት ቁልፍ ተበጠሰ። ጎረቤቱ ራህመት ዘንድ ሊያስተክል ሄደ። ራህመት ስድስት ዓመት ኩዌት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት፤ አሁን አባያና የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። ኮቱን ስትቀበለው ካርዷ ከኪሱ ወጣች። ሰውየው ያለሷ ከቤት አይወጣም፤ ሚስቱ ካርዷን የምታስቀምጥበትን መጽሐፍ እንደሚያውቅ፣ እየወሰደም እንደሚመልስ እሷ የምታውቅ አይመስለውም። እንዳመሉ ለራህመትም ማኅተሙን አሳያትና ስለ ጣሊያኑ ኩባንያ ማስረዳት ጀመረ።

ራህመት ሰምታ ስታበቃ የተበጠሰውን ቁልፍ ከኮቱ ላይ አንስታ ማኅተሙ ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ። አራቱ ቀዳዳ አራቱን ነጥብ ሸፈነ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ ቁልፍ ነው» አለችው። «ቁልፍ ቀለም ነክሮ መታበት። ልብስ ሰፊ ነው ሰውየዎ።»

ሀሚዱ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ አምስት አምስት ማኅተም ደርድሮ ሲዞር ኖሯል። ራህመት ግን ገና አልጨረሰችም። የካርዷን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰችው። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው፤ ጨርቅ እንዳይተረተር ልብስ ሰፊዎች የሚቆርጡበት መቀስ እንዲህ ያደርጋል። ደግሞ በየአሥር ጥርሱ አንድ ጥርስ ጎድሏል። የራሷን መቀስ ከመሳቢያ አወጣችና ቁራጭ ጨርቅ ከርክማ ካርዷ ጎን ዘረጋችለት። የሷም መቀስ በዚያው ቦታ ላይ ጥርሱ የተሰበረ ነው።

መቀሱን ከየት አመጣሽው ሲላት፣ ከኩዌት እንደመጣች ከስፌት መኪናው ጋር አንድ ላይ የገዛችው ከውጫሌ ሰው መሆኑን ነገረችው። ሽታው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ተዉት። ፎቶም ያነሱ ነበር ይባላል። በሕይወት አሉ። እንግዲህ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ድረስ የተጻፈለት አሳታሚ፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሀሚዱ ስለ አሳታሚ ጉዳይ ውጫሌ ደርሶ እንደሚመለስ ለመስኡዳ ነገራት። አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው አላት። መስኡዳ ጫማውን አቀበለችውና «ሰላም በልልኝ» አለች።

ይህቺ ቃል መኪናው ውስጥ ገብታ አብራው ሄደች። ሚኒባሱ ከሐይቁ ተለይቶ የአምባሰልን ተራራ በግራ አድርጎ ሲያዘግም፣ ሰው ሁሉ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ፣ ሀሚዱ «ሰላም በልልኝ» የምትለዋን ይገለባብጣታል። ማንን? የሰውየውን ስም አልነገራትም። አልጠየቀችምም። የማያውቁትን ሰው ሰላም በልልኝ ይባላል? ውጫሌ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ቀኑ ግን ብርዳም ነበር።

ጋሽ ሽታው ሰማንያን የተሻገሩ፣ ጋቢያቸውን ደራርበው ከቤታቸው ደጃፍ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳው ስለ ሐይቁ ካርድ ሲያነሣባቸው ደስ አላቸው። እንደ ነገሩት ከሆነ፣ በገበያ ቀን የስፌት መኪናቸውን በበቅሎ ጭነው ሐይቅ ይወርዱና ከዋርካው ሥር ይሰፉ ነበር። ለመስከረም ሃያ አንድ ደግሞ ግሸን መንገድ ላይ ካርድ ይሸጣሉ። ስማቸውን ያልጻፉት ያኔ ማሳተም በፈቃድ ስለነበር ነው። ስም ያለበትን ካርድ ቀበሌው ይይዛል፤ በቁልፍ ግን ሰው አይታሰርም። ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን እንዲያወጣ ላኩት። በሣጥኑ ውስጥ ሀምራዊ ቀለም የደረቀባት ቁልፍ፣ ሳይሸጡ የቀሩ ሁለት ካርዶችና የደንበኞች ልክ የሚጻፍበት ደብተር ነበር።

ሀሚዱ ደብተሩን ከፈተ። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ይላል። አንድ እግሯን እየጎተተች የምትሄደውን «መ» በሌሊት ቢቀሰቅሱት ያውቃታል፤ በካርዷ ጀርባ አርባ አራት ዓመት ያያት «መ» ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው። ያ የደሴ ጎበዝ፣ በሐሳቡ ቁመቱ ሲረዝም ጸጉሩ ሲጎፍር የኖረው ተቀናቃኙ፣ ይኸው ጥርስ አልባ ሆኖ በጋቢ ተጠቅልሎ ከፊቱ ተቀምጧል። ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን በማን ላይ? ካርዷን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ ሽታው ካርዷን አራቁ፣ አቀረቡ። «እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳያፍሩ።

«ይወዷት ነበር?»

«ማንን?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብለው አዩት፤ ሀሚዱ እንደ ልማዱ ወደ መሬት አየ። እንደዚያ ሲያይ ነው የገባቸው። «ቆይ፣ አንተ የሐጂ ኡበይድ ሱቁ ልጅ ነህ? ያ ወለል ወለል የሚያየው?» ብለው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ውሃ አጠጥቷቸው ነው ወሬውን የቀጠሉት።

በዚያ ሰኔ የደንብ ልብስ የሰፉላት ተማሪ ዋርካው ሥር መጣችባቸው። ሱቁ ውስጥ አንድ ልጅ አለ አለች። ዓመት ሙሉ ወለሉን እያየ ስኳር ይመዝንልኛል፤ አባቴ ለሌላ ሰው ቢድረኝ ያኔም ወለሉን እያየ ነው የሚቀረው። እኔ ሴት ነኝ፣ ሽማግሌ አልልክ። ግን ልጁ የማያነበው ካርድ የለም፣ አገር ያውቃል። ስለዚህ ቃል በቃል እየነገረች አጻፈቻቸው፤ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ልጁ ስለሚያውቀው። የበዓሉን ቦታ ምን ልሙላበት ቢሏት፣ በሰኔ ምን በዓል አለ ብላ አስተወቻቸው። እሳቸውም የፎቶ ወረቀት ሊገዙ ደሴ ሲሄዱ ቴምብር ለጥፈው ላኩላት።

«አድራሻው የኔ ይሁን፣ ደብዳቤው ግን የሱ ነው አለችኝ» አሉ ጋሽ ሽታው። «በሚቀጥለው ገበያ ደረሰ ወይ ብላት፣ ደርሷል አለች። በየቀኑ እየሄድኩ ለኔ የመጣ የለም እለዋለሁ፣ የለም ይለኛል፤ ፊቱ ግን እየከሳ ነው፣ አንድ ሳምንት አይቆይም አለችኝ።»

ሀሚዱ ዘጠኙን ቀን አንድ በአንድ አስታወሰ። በየቀኑ በሩ ላይ ቆማ ስትጠይቅ፣ ያ ሰው ናፍቋት ነው ብሎ ሲታመም፣ እሷ ለካ የሱን ፊት ልታይ ነበር የምትመጣው። ዘጠኝ ጊዜ ዋሽቷታል፤ ዘጠኙንም ውሸት እየሰማች ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄዳለች። የሰው ሙሽራ ሰረቅሁ ብሎ አርባ አራት ዓመት ሲጨነቅ የኖረው የተሰረቀው እሱ ሆኖ ሳለ ነው። አልቻለም፣ አለቀሰ። ጋሽ ሽታው ያንን አይተው ፊታቸውን ወደ ተራራው መለስ አደረጉ፤ አብሽር አሉት፣ እንደ እስላም ወንድሞቻቸው።

ሊሄድ ሲነሣ ከሁለቱ ካርዶች አንዷን ሰጡት። መስኡዳ ደህና ናት ወይ አሉት።

«ሰላም በልልኝ ብላለች» አለ ሀሚዱ። አደራው አሁን ገና ገባው።

ሐይቅ መናኸሪያ ሲደርስ ቤቱ አልሄደም። ከአንዱ ሻይ ቤት ተቀመጠና እስክሪብቶ ተዋሰ። በጥቅምትም በዓል አልነበረምና ባዶውን ቦታ ባዶ ተወው። በጀርባዋ አድራሻ ጻፈ፤ ከሥሩም ብዙ ሲያስብ ቆይቶ አንዲት መስመር ጨመረ። ከደብተሩ ውስጥ የድሮ ቴምብር አውጥቶ ለጠፈበት። ሻይ ቀጂዋ ሰርቃ ልታነብ አንገቷን ስታሰግግ አያት፤ ካርዷን ግን አልደበቃትም፣ በሱ ደርሷላ።

መስኡዳ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሀሚዱ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አልገባም። ፊቱን አየችው። የት እንደዋለ፣ ምን እንደሰማ ከዚያ ላይ አነበበችው፤ ከድሮም የሱ ፊት ክዳን የለውም። ሰፌዱን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ተነሥታ መጣችና እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ለኔ የመጣ የለም?» አለችው።

ሀሚዱ ወለሉን ሊያይ ነበር፤ ተወው፣ እሷን አያት።

«አለ» አለ።

ካርዷን ተቀብላ አነበበች። «ካርድሽ ደርሶኛል። ሀሚዱ» ይላል። መስኡዳ ስሙ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ዓይኗም እርጥብ አለ። ለምን አልነገርሽኝም ሲላት፣ ብነግርህ ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት በምን ትውል ነበር አለችው። ደግሞ አየት አደረገችውና «የሐጂ ኡበይድ ሱቅ ፖስታ ድሮም ይዘገያል» ብላ ካርዷን ገለበጠች፤ ጀርባዋን ካነበበች ፊቷ መቅረት የለበትም ብላ ነው። ሐይቁንና ታንኳዋን አየችና ሰፌዱን ወደሱ ገፋችለት። ምስሩን አብረው ለቀሙ።

ከመግሪብ በኋላ ሀሚዱ ደብተሩን አወጣና የመጀመሪያዋን መስመር ከፈተ። አሳታሚ በሚለው ሥር «ያልታወቀ» የሚለውን ሰርዞ «ሽታው፣ ልብስ ሰፊ፣ ውጫሌ» ብሎ ጻፈ። ላኪ በሚለው ሥር «መስኡዳ ይማም» አለ። ወደ ተቀባዩ ሲደርስ ጥቂት ቆየ። እዚያ ሃያ ዓመት የኖረውን የሚስቱን ስም በአንዲት ቀጭን መስመር ሰረዘና የራሱን ስም ጻፈበት።